ልብስ ሰፊው «ያረፉበት» ጠዋት

የተወለድኩበት ሰፈር እሪ በከንቱ ይባላል። ድምፅና ጽሑፍ እያደባለቀ መድረክ ላይ ለሚቆም ሰው ከዚህ የተሻለ አድራሻ ያለ አይመስለኝም። ሌላው አርቲስት ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የሚደርስበትን መደምደሚያ እኔ መታወቂያዬ ላይ ተጽፎ ነው ያገኘሁት።

ሥራዬን ማስረዳት ግን አልተሳካልኝም። መንገድ ላይ ድምፅ እቀርጻለሁ። አራት ኪሎ ታክሲ የሚጠሩትን ረዳቶች፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የሚያልፈውን ባቡር፣ የወርቅ ሠሪዎችን መዶሻ። ከዚያ ጽሑፍ እጽፍና ሁለቱን ይዤ ሰው ፊት እቆማለሁ። ያየኝ ሰው መጀመሪያ «ዘፈን ነው?» ይለኛል። አይደለም ስል «ግጥም ነው?» ይላል። እንደዚያም አይደለም ስል «በቃ ድራማ ነዋ» ይላል። እሱም አይደለም ስል በሐዘኔታ አይቶኝ ስለ ጤንነቴ ይጠይቀኛል። እናቴ ለሚጠይቋት ሁሉ «ማይክራፎን ይዛ ነው የምትሠራው» ስለምትል የሰፈሩ እኩሌታ ጋዜጠኛ፣ እኩሌታው ደግሞ ሰባኪ አድርጎ ይዞኝ ነበር።

በዚህ መሀል የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ቤታቸው ፈረሰና ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። እዚያ ሆነው ቢነፉት እኛ ጋ አይሰማም። ሰው ሲሞት በየቤቱ የሚያስታውቅ ስለጠፋ አንድ ሁለት ቀብር ሰው ሳይሰማ አለፈ፤ እድሩም ተደናገጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዳኛ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ አሁንም ሲናገሩ ስብሰባ የሚመሩ ይመስላሉ። ለእናቴ ሰላምታ ሰጥተው፣ ከተቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማይክራፎን አለሽ» አሉኝ። «ድምፅ አለሽ። ጠዋት የምትገቢበት ቢሮ ደግሞ የለሽም።»

ሥራዬን እንዲህ አሳጥሮ የገለጸው ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሴት ለፋፊ ኖሮ ስለማያውቅ ኮሚቴው ጉዳዩን ተነጋገረበት አሉ። አንዱ አባል የሴት ድምፅ መርዶ ላይ አይከብድም ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሌላ ፈቃደኛ ስላልተገኘ የእኩልነት ጥያቄው በዚያው ተፈታ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ስለፍፍ ድምፄንም የሰፈሩንም ድምፅ ልቅረጽ። ዳኛው ደስ አላቸው። አልሰማሁም የሚል እድርተኛ ሲመጣ በማስረጃ እናሳፍረዋለን አሉ።

መጀመሪያ ላይ ጥበቤን ላሳይ ሞክሬ ነበር። «እድርተኞች ሆይ» ብዬ እጀምርና ዝም እላለሁ። ዝምታ በሥራዬ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በእሪ በከንቱ ግን የለውም። መስኮት ይከፈትና «አንቺ፣ ጨርሺው እንጂ፣ ማነው የሞተው?» ይባላል። ዳኛው ጠርተው ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ አሉኝ። እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ።

አሁን ስለ ልብስ ሰፊው ልንገራችሁ። ቤታቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው። የፊተኛዋን ክፍል ሱቅ አድርገዋት የስፌት መኪናቸው በሩ አፍ ላይ ተተክላለች። የሰፈሩን ሱሪ የሚያሳጥሩት፣ ዚፑን የሚቀይሩት፣ የሟች ኮት ለልጁ አጥብበው የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ። የልጅነት ጓደኛቸው፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ልብስ ሰፊው እየሰፉ፣ ሾፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ዳማ ይጫወታሉ። ሁለቱም ያጭበረብራሉ። አንዱ ሌላውን ሲይዘው የሚሰሙትን ስድቦች ሰብስቤ አንድ ሥራ ልሠራባቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

በዚያን ሰሞን የልብስ ሰፊው ባለቤት እናታቸው ታመው ደብረ ብርሃን ነበሩ። እናትየው አረፉና ባለቤታቸው ደውለው ነገሯቸው። ልብስ ሰፊው ለእድሩ ዳኛ ነገሩ፤ ዳኛው ወዲያው አውቶቡስ አፈላልገው ሲነጋጋ ለእኔ ደወሉ። እኔም እድሩ የሰጠኝን ሜጋፎን ይዤ፣ መቅረጫዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ።

ያልኩት ይህን ነው፦ «የልብስ ሰፊው አማት ደብረ ብርሃን ላይ አርፈዋል። ለቀብር የምትሄዱ እድርተኞች አውቶቡስ ስለተዘጋጀ በልብስ ሰፊው ቤት በር ላይ ተገኙ።»

ሜጋፎኑ ያለው ግን ሌላ ነው። የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ኖሮ፣ ደስ ያለውን ቃል እያወጣ ደስ ያላለውን ይውጥ ነበር። እኔ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ አልነቃሁም። በኋላ ቅጂውን ስንሰማው ለሰፈሩ የደረሰው «…ልብስ ሰፊው… አርፈዋል… ለቀብር… በልብስ ሰፊው ቤት በር…» የሚል ነው። በአክብሮት ስንናገር ወንድና ሴት አንለይም፤ «አርፈዋል» ለአማትም ለአማችም ይሆናል። ከአልጋው ላይ በአንድ ጆሮው የሰማ ሰው ምን ያድርግ?

ዙሬን ጨርሼ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ስወርድ ለቅሶው ከሩቅ ተቀበለኝ። ገረመኝ። አይተዋቸው ለማያውቁ የደብረ ብርሃን አሮጊት ይህን ያህል? ሰፈሬን እስከ ዛሬ ዝቅ አድርጌ ገምቼው ነበር ማለት ነው ብዬ ተጸጸትኩ።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሀል ላይ ጠላ የሚሸጡት ጎረቤታቸው ቆመዋል። እኚህ ሴት በሰፈሩ አልቃሽነት የሚወዳደራቸው የለም። ያላወቁትን ሰው ያወቁት አስመስለው ያለቅሳሉ፤ ያወቁትን ደግሞ ሌላ ሰው አድርገው ያስለቅሳሉ። ነጠላቸውን አገልድመው ደረታቸውን ይመታሉ።

ልብስ ሰፊው በዚያ ሰዓት ቤታቸው አልነበሩም። ለመንገድ ከመውጣታቸው በፊት ጊዮርጊስን ሊሳለሙ ሄደው ነበር። ጋቢያቸውን ለብሰው ሲመለሱ ሰዉን አዩ፤ ከኋላ መጥተው ቆሙ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ለቅሶው ለአማታቸው መሰላቸው። ቀስ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። አጠገባቸው ለቆሙት ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሰውየው ነጠላቸው ውስጥ ተሸፍነው ሳያዩዋቸው «እግዜር ያጥናህ፣ ደግ ሰው ነበር» አሉ።

«ነበር» የሚለው ወንዴ ሆኖ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ትንሽ ግራ የገባቸው መሰለኝ። ወዲያው ጠላ ሻጯ አወረዱት፦

መርፌውን ክር አጉርሶ መኪናው ላይ ትቶ፣
የሰፈሩን ቀዳዳ ለማን ሄደ ሰጥቶ።

ያኔ የልብስ ሰፊው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ማልቀሳቸውን ተዉ፤ አፋቸው ትንሽ ተከፈተ። እኔም ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያኔ ነው። ልጮህ ስል አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። መስማት ፈልገዋል። ማን አይፈልግም? አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ማን ምን እያለ እንደሚያለቅስ ይለቅሙ ጀመር። አንዷ «ቅኑ ሰው» ስትል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው ስለ ዋጋቸው አለመወደድ ሲያነሳም በመስማማት ነቀነቁ።

በዚህ መሀል ጓደኛቸው ሾፌሩ ደረሱ። አያለቅሱም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ዳኛው ቀረቡና በጎርናና ድምፃቸው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ሱሪዬ እሱ ጋ ነው» አሉ።

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሱሪህ ገና አልደረሰም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። መቅረጫዬም አልቻለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ጠላ ሻጯ እዚያው ቁጭ አሉ። «በስመ አብ» የሚለው በዛ። ዳኛው «ሥርዓት፣ ሥርዓት ይከበር» እያሉ እሳቸው ራሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሾፌሩ አልሮጡም። ቆመው ጓደኛቸውን ከእግር እስከ ራሱ ካዩ በኋላ ዞረው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ከኋላቸው «ከእኔ ሱሪህ በለጠብህ?» አሉ። ሾፌሩ እርምጃቸውን ጨመሩ።

የሞቱት አማትየው መሆናቸው ሲነገር ሰዉ በሐፍረት እንደገና ሊያለቅስላቸው ሞከረ። ግን ሐዘኑን ጨርሶታል። አንዱ ከንፈሩን ነክሶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሌላው አየውና ተላለፈ። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርን። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ያየ ሳቁ አመለጠው። ስንወርድ የልብስ ሰፊው ባለቤት የሁላችንም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይተው፣ ለእናታቸው የመጣ ለቅሶ መስሏቸው፣ «አዬ የእኔ ሰፈር» ብለው አቀፉን። ጠላ ሻጯ በመቃብሩ ላይ አንዲት ስንኝ አልወጣቸውም። ማታ ላይ አንዱ ወሬኛ ለባለቤትየው ሁሉንም ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በግማሽ ብቻ ይመልሱልኝ ነበር።

እድሩ ስብሰባ ጠራ። እባረራለሁ ብዬ ነበር፤ ሰዉ ግን ከእኔ ይልቅ ያሳሰበው ሌላ ነው። አንዱ አባል ተነስቶ፣ ልብስ ሰፊው አንዴ ስለተለቀሰላቸው ወደፊት ሲሞቱ እድሩ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ ጠየቀ። በቁም ነገር ነው። ክርክሩ ተካረረ። ጠላ ሻጯ እጃቸውን አወጡና አቋማቸውን ተናገሩ።

«እኔ ለአንድ ሰው ሁለቴ አላለቅስም። ሲሞት ይቺ ልጅ የቀዳችውን አሰሙ።»

ሐሳቡ ለጊዜው በይደር ተያዘ። እኔን በተመለከተ ሁልጊዜ አዲስ ድንጋይ እንድገዛና የሟቹን ማንነት እንድደጋግም ተወሰነ።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ሱቃቸው ጠሩኝና ቅጂውን እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። መኪናቸው ላይ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። «ይቺ ለእኔ አይደለም የምታለቅሰው፣ ለራሷ ባል ነው» ይላሉ። «ይሄ ደግሞ ከአፉ ነው፣ ከልቡ አይደለም።» ሱሪው ጋ ሲደርስ ማዳመጫውን ያወልቃሉ። ነገ ደግሞ ይጠሩኛል፤ እዚያው ቦታ ያወልቃሉ። የዳማው ሰሌዳ ከበሩ ላይ ተነስቶ ጨርቅ ማስቀመጫ ሆነ። የሾፌሩ ሱሪ፣ ጥቁሩ፣ አንድ እግሩ ብቻ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሾፌሩም በሌላ መንገድ መዞር ጀመሩ። ሁለቱም ስለ ሌላው ሲጠየቁ «ደህና ነው መሰለኝ» ይላሉ።

ብዙም ሳይቆይ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርዱ ባለ አንድ አዳራሽ ሥራ እንዳቀርብ ተጋበዝኩ። ሌላ ነገር አስቤ ነበር፤ የዚያ ጠዋት ድምፅ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እየዞርኩ ፈቃድ ጠየቅኩ። ጠላ ሻጯ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ እንዲሰማ ብቻ አሳሰቡኝ። ልብስ ሰፊው ጋ ስሄድ ገና ሳልጨርስ «መኪናዬን ማን ያመላልሳል?» አሉ። መድረክ ላይ ሊሰፉ ወስነው አድረዋል። የቀሩኝ ሾፌሩ ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ሰሙኝ።

«በራሴ ድምፅ አፍሬ አላውቅም። አሰሚው» አሉና በሩን ዘጉት።

አዳራሹ ሞላ። ከፊት ያሉት ወንበሮች ላይ የተለመደው የጥበብ ሰው ተቀምጧል፤ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ማኪያቶውን ጨርሶ፣ ማስታወሻ በስልኩ የሚይዘው። ከኋላ እሪ በከንቱ ሙሉው ነበር። ልብስ ሰፊው በሙሉ ልብሳቸው ወጥተው መኪናቸው ፊት ተቀመጡ። የሚሰፉትን ሳይ ደነገጥኩ። የሾፌሩ ሱሪ ነው። እንደዚያ አልተነጋገርንም።

እኔ ስለ ሰፈሩ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ሞንታርቦው ያን ጠዋት ለቀቀው። መኪናዋ ከሥር ትንኳኳለች። ጠላ ሻጯ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ስላልረኩበት ከወንበራቸው ሆነው በአዲስ አጀቡት፤ ያጎፈሩት ልጆች ዞረው አዩአቸውና ተያዩ። ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ «ሱሪዬ እሱ ጋ ነው።» ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ልብስ ሰፊው ከሱሪው ላይ ቀና አላሉም፤ ሳቁ ግን የተፈረደላቸው ያህል ደስ ያሰኛቸው ይመስል ነበር።

ከኋላ ወንበር ተገፋ። ሾፌሩ ቆመዋል። መምጣታቸውን አላየሁም ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ለልብስ ሰፊው ብቻ በሚያወሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«ጥቁር ሱሪ ያለኝ እሱ አንዱ ነው። ያንተ ቀብር በምን ልሂድ? በፒጃማ?»

መኪናዋ ቆመች። እኔም ድምፁን አጠፋሁት።

ልብስ ሰፊው ከሱሪው ላይ ቀና ብለው «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«ሞተህ ነበር እኮ» አሉ ሾፌሩ።

የሳቀ ሰው ነበረ፤ ወዲያው ግን ተወው። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አውልቀው በሱሪው ጠረጉት፤ ዓይናቸውንም በዚያው። ከዚያ ያልታጠፈውን እግር ከመርፌው ሥር አስገብተው ሰፉት። ረጅም ስፌት ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከመኪናዋ በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረም። እኔ የተዘጋጀ መጨረሻ ነበረኝ፤ ገጾቹን አጥፌ ኪሴ ከተትኳቸው። ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ሱሪውን አነሱት፤ ሾፌሩ በወንበሮቹ መሀል መጥተው ተቀበሏቸው። ርዝመቱን ወገባቸው ላይ ለኩት።

«አሳጥረኸዋል» አሉ።

«አንተ ነህ የረዘምከው» አሏቸው።

ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ያጎፈረ ልጅ መጥቶ አጨራረሱ ደፋር እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተለማመድንበት ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ አልኩት። ምን ልበለው?

ሰዉ ሲወጣ የልብስ ሰፊው ባለቤት ወንበራቸው ላይ ቀርተው አየኋቸው። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። እናታቸውን እንደቀማኋቸው ያህል ይሰማኝ ነበር፤ በእርግጥም ሰፈሩ ስለዚያ ጠዋት ሲያወራ ስለ ልብስ ሰፊው እንጂ የሞቱትን ሴትዮ ማንም አያነሳም። ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አነሱ።

«እናቴ እሱን አትወደውም ነበር፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሴት ልጄን ቁጭ ብሎ ለሚውል ወንድ ዳርኳት እያለች ነው የሞተችው። እይው አሁን፣ ለቅሶዋንም ቀማት።»

ሲስቁ ያየኋቸው ከዚያ ጠዋት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብሎ የጀመረ ሳቅ ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ያ መቅረጫሽ ይሠራል ወይ አሉኝ። ይሠራል አልኳቸው። ድንጋዩንስ ቀይረሻል ወይ አሉ። ቀይሬያለሁ አልኩ።

መቅረጫውን በሁለታችን መሀል ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ስለ እናታቸው ማውራት ጀመሩ። ገበያ ሲሄዱ ከዶሮ ሻጭ ጋር ሳይጣሉ ተመልሰው እንደማያውቁ፣ በልጃቸው ሰርግ ቀን ሙሽራውን ፊት ለፊት ምን እንዳሉት፣ ጸሎት ሲያደርሱ ጠላቶቻቸውን በስም ይጠሩ እንደነበር። እኔ አንድም ነገር አልጠየቅኩም። ልብስ ሰፊውና ሾፌሩ መኪናዋን በሁለት ወገን ይዘው በሩ ጋ ደረሱና «አትሄዱም እንዴ፣ ከባድ ናት እኮ» አሉ። ባለቤትየው ዞር ሳይሉ «ይዘሃት ቁም» አሏቸውና ወሬያቸውን ቀጠሉ።